የሽመላዎቹ ጎን

የካቲት 9

ለማልጠግብሽ የእህቴ ልጅ፣ ለቁንጥንጤ፤

ያለሽበት አገር ሰዉም ብርዱም ይራራልሽ። ሥራሽ ይቅና፣ ደጅሽ የሰላም ይሁን። እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ፤ መሰላል ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ከሳሽ የለብኝም። እናትሽም ደህና ናት። ይህን ስጽፍልሽ አጠገቤ ተቀምጣ የአንዱን ተማሪ ቦርሳ ዚፕ እየቀየረች ነው። «ስለ ጉልበትህ ልታወራት ነው ወረቀት የገዛኸው?» ስላለችኝ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ሽመላዎቹ መጥተዋል። መናፈሻው መሃል ያለውን ትልቁን ዛፍ ታስታውሺዋለሽ፤ እናትሽ የስፌት መኪናዋን ከሥሩ የምትዘረጋበትን። ባለፈው ዓመት ጥንድ ሆነው መጥተው አንድ ጎጆ ሠርተው ነበር። ዘንድሮ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስከትለው መጡ። በእናትሽ በኩል ያለው ቅርንጫፍ በሙሉ ጎጆ በጎጆ ሆኗል። መንቁራቸውን ማንቀጫቀጭ ሲጀምሩ የአውቶቡስ ጥሩምባ እንኳ አይሰማም።

ሰዉ ደግሞ ጉድ ነው። ለምሳ የወጣ ጸሐፊ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሙሽራ ሳይቀር አንጋጦ ይውላል። አንጋጦ የሚሄድ ሰው ይደናቀፋል፤ የተደናቀፈ ሱሪው ይቀደዳል፤ የተቀደደ ሱሪ ደግሞ እናትሽ ጋ ይመጣል። እንዲህ ሥራ በዝቶላት አይቼ አላውቅም። ስትሰፋ ማንጎራጎር ጀምራለች፤ ድምጿ ግን ያው እንደምታውቂው ነው።

ታዲያ ደስታችንን በክፉ ዓይን የሚያይ አይጠፋም። ባለ ካፌው «ኩሳቸው ጃንጥላዬ ላይ ወረደ» ብሎ አቤት አለ። የመናፈሻው ኃላፊ ጠርቶኝ ዛፉን ከሁለቱም ጎን ግንዱ እስኪቀር ከርክመው አለኝ። በመጀመሪያ የካፌውን ጎን፣ ቀጥሎ የሽመላዎቹን ጎን። እናትሽ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች። ወፎቹ ከሄዱ ሰዉ ይሄዳል፣ ጥላውም ይሄዳል፣ እሷም ቤት ቁጭ ብላ ግድግዳ ልታይ ነው። የኔን አቤቱታ የሚሰማ የለም፤ የታዘዘ መጋዝ ነኝ። አንቺ ግን ባሕር ማዶ ነሽ፤ ከዚያ የመጣ ወረቀት እዚህ ክብደት አለው። እባክሽ ለኃላፊው ደብዳቤ ጻፊልን።

ዛፍ ከርካሚው አጎትሽ

---

የካቲት 30

ለማከብርዎት ጋሼ፣ ለእማዬም፤

ሰላማችሁ ይብዛ። ዕድሜያችሁ ረዝሞ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። እኔ ደህና ነኝ። የማጠቢያ ክፍሉ እንፋሎት ፊቴን ቀቅሎት ሳይሆን አይቀርም፤ ሰዎች አማረብሽ ይሉኛል።

የእርስዎን ደብዳቤ አንሶላ እያጠፍን ለሥራ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። የሱሪው ነገር ላይ ሲደርስ ሳቃቸው አለቃችንን ጠራብን። እሷም ሰማች። ለካስ ባሏ ከወፍ ወዳጆች ማኅበር ጋር የሚሠራ ሰው ኖሯል! በማግስቱ ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ አመጣልኝ። እኛም ከሥር ፈረምን፤ ፊርማ የማታውቀዋ ሳይቀር አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ሰውየው ሲጽፈው በጣም ለስላሳ አድርጎት ነበር። «ቢቻል ጥንቃቄ ቢደረግ» ምናምን ይላል። እኔ ታውቁኛላችሁ፣ ደሜ ፈላ። እንዲህ የሚለምን ወረቀት ባለ ካፌውን አያስፈራውም አልኩት። አስተካክለን «ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ከዚህ ዛፍ ላይ አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ አትቆረጥም» አልነው። ከሥሩም በቀይ አሰመርኩበትና በቀጥታ ለኃላፊው ላክነው።

እማዬ፣ ብዪ እህልሽን ብዪ። ያን ዛፍ ማንም አይነካውም። እኔ እዚህ የሰው አንሶላ ሳጥፍ የምውለው አንቺን አስቤ ነው፤ ጥላሽን ለባለ ካፌ ጃንጥላ አልሰጥም። ጋሼ፣ እንቁላል ጥለው እንደሆነ ይጻፉልኝ። ጓደኞቼ አሁን ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁኝ ስለ ሽመላ ነው።

ቁንጥንጥዎ

---

መጋቢት 22

ለጀግናዋ የእህቴ ልጅ፤

እጅሽ ይባረክ፣ ብዕርሽ አይንጠፍ። ደብዳቤሽ ደርሶ መናፈሻው ቀውጢ ሆኗል።

የመጣ ቀን ገና ከመሰላሉ አልወረድኩም ነበር። የካፌውን ጎን ጨርሼ በማግስቱ ወደ ሽመላዎቹ ጎን ልዞር ስል ኃላፊው ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ። ራሱ መሰላሉን ይዞ አወረደኝ። መጋዜንም ተቀብሎ ዕቃ ቤት ቆለፈበት። ደብዳቤው አሁን በመስታወት ተደርጎ ከወንበሩ በላይ ተሰቅሏል፤ ቀዩ መስመርሽ ከበር ይታያል። ዛፉ ላይም «መቁረጥም ሆነ መውጣት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተቸንክሯል። ከበላይ መጥተው ኃላፊውን አመስግነውት ስለሄዱ ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚውለው።

እናትሽማ አትጠየቅም። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣውን ሁሉ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ «ይህን ያዳነችው ልጄ ናት» ትለዋለች። ሰዎቹ ቀና ሲሉ የሚያዩት ወፍ ስለሆነ ልጇ ሽመላ ትመስላቸው ይሆናል። እንቁላል ጥለዋል፤ እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ።

አንድ ነገር ብቻ። ዛፍ መከርከም እንደ ሸክም ማራገፍ ነው፤ ከአንድ ትከሻ ብቻ ከወሰድሽለት ተሸካሚው ይንጋደዳል። እኔ ደግሞ ግማሹን ብቻ አራግፌ ነው የወረድኩት። አሁን ዛፉን ሳየው አቀማመጡ ደስ አይለኝም። ይሄ የኔ ጣጣ ነው፣ አንቺ አታስቢበት። ያንን የወፍ ሰውዬ ግን ጫጩቶቹ የሚበሩት መቼ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ቶሎ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አጎትሽ

---

ሚያዝያ 10

ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙ? ጤናዎትን፣ ጉልበትዎትንም ጭምር ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

ሰውየውን ጠየቅኩት። ጫጩቶቹ ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ ሰኔ ማለቂያ ላይ ነው የሚበሩት ብሏል። ከዚያ በፊት ቢነኩ እናቶቻቸው ጥለዋቸው ይሄዳሉ ይላል።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «አቀማመጡ ደስ አይለኝም» ማለት ምን ማለት ነው? እርስዎ ነገር ሲከብድዎት ያሳጥራሉ። ድሮ አባቴ የታመመ ጊዜም «ትንሽ ጉንፋን ይዞታል» ብለው ነበር የጻፉልኝ። ይህን የምለው ልወቅስዎት አይደለም። ሆዴ ግን ያን ጊዜም ነግሮኝ ነበር፣ አሁንም እየነገረኝ ነው። በአንሶላ ክምር መሃል ቆሜ ድንገት ያ ዛፍ ይመጣብኛል።

ያ ዛፍ ሊወድቅ ይችላል ወይ? እማዬ ከየትኛው ጎን ነው የምትቀመጠው? አንድ ቃል ሳይደብቁ ይንገሩኝ። ካልነገሩኝ እቀየምዎታለሁ፤ ኩርፊያዬን ያውቁታል።

ልጅዎ

---

ሚያዝያ 28

ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ያልሽውን አደርጋለሁ፤ ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

እናትሽ የምትቀመጠው በሽመላዎቹ ጎን ነው። ጥላው ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ የካፌውን ጎን እኔው ራቁቱን አስቀርቼዋለሁ። ሙሉ ቅርንጫፉ፣ ጎጆው፣ ጫጩቱ፣ ሁሉም ክብደት ከራሷ በላይ ነው። ግንዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ስንጥቅ አለ። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ጥፍሬ ነበር የሚገባው፤ አሁን ጣቴ ይገባል። በመዶሻ ስመታው ባዶ በርሜል የመታሁ ነው የሚመስለኝ። ሽቦ አስሬለት ነበር። ሽቦው ሳምንት ሳይሞላው ተወጥሮ ቆመ።

ለኃላፊው ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀና ብሎ ደብዳቤሽን አየና «ሰዎቹ ምን ይሉኛል? አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ ነው የሚለው» አለኝ። ደግሞ በበሩ ጥድ ያዘኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይወድቃል እያልኩ ያስለፈለፈኝ ጥድ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሞ ይስቅብኛል። ስለዚህ አፌ ዋጋ የለውም። እሱ የቻለው ለእናትሽ በሩ አጠገብ ቦታ መስጠት ነው።

እሷ ግን ግግም አለች። በሩ ጋ ፀሐይ ይመታል፣ ሰውም አያየኝም አለች። ይህስ ባልከፋ። ዋናው ነገር ሌላ ነው። «ልጄ ባሕር ማዶ ሆና ያተረፈችልኝን ጥላ ጥዬ ብሄድ ምን ትለኛለች? አንተ ሟርተኛ፣ የከለከለችህን መጋዝ ፈልገህ ነው» አለችኝ። እኔም ተናደድኩ፣ የማይባል ነገር ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ጠዋት መኪናዋን እሸከምላታለሁ፣ ማታ እመልስላታለሁ፤ በመሃሉ ቃል የለም። እድሜ ልካችንን ስንበሻሸቅ ኖረን ዝምታው ከብዶኛል።

አሁን የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውየው «ይቆረጥ» ወይም «ይቃለል» ብሎ እንደገና ይጻፍልን። ሁለተኛ፣ ለእናትሽ በራስሽ እጅ «ተነሺ» ብለሽ ጻፊላት። «እሷ ራሷ ካላለችኝ ንቅንቅ አልልም» ብላለች። ቶሎ በዪ። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፤ ቅጠል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል።

አጎትሽ

---

ግንቦት 16

ጋሼ፤

ሰላምታውን ይለፉኝ፣ ቁጭ ብዬ የምጽፍበት ልብ የለኝም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። የሚዘገይበትን ቀን አይቶ ነው የዘገየው።

ሰውየው ጋ ሄጄ ለመንኩት። «ጫጩቶቹ ሳይበሩ ቁረጡ ብዬ ብጽፍ ማኅበሩ ምን ይለኛል? ትንሽ ታገሡ» አለኝ። እናቴ ከሥሩ ተቀምጣለች አልኩት። አዘነልኝ፤ ውኃም ቀዳልኝ፤ ግን አልጻፈም። ከዚያ ለመናፈሻው ቢሮ ስልክ ደወልኩ። መስመሩ ሲቆራረጥ ሲቆራረጥ ኃላፊው ወጣልኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ደስታውን አልቻለውም። «ዛፉን ቁረጡት!» ብዬ ጮህኩ። «አይዞሽ እህቴ፣ አይቆረጥም! ቅጠል አይነካም! ቃሌን ሰጥቼሻለሁ!» ይለኛል። አይደለም እያልኩት ስልኩ ተቋረጠ። እንደገና ብሞክር አልገባልኝም።

ጋሼ፣ ያ ቀይ መስመር ዓይኔ ላይ ነው። ማን አስምሪበት አለኝ?

ለእማዬ የጻፍኩት ከዚህ ጋር ነው። ሳያድር ያንብቡላት፤ ባትነጋገሩም ያንብቡላት።

«እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ። ዛሬውኑ ከዚያ ዛፍ ሥር ተነሺ። ያዳንኩት ጥላውን ሳይሆን አንቺን መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ጋሼ የሚልሽን ስሚ። ነገ ሳትዪ ተነሺ።»

---

ግንቦት 20

ለቁንጥንጤ፤

ሰላምሽን ያብዛልኝ። መልስሽን እየጠበቅኩ ነበር፤ ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች። አንቺ እንደማትዘገዪ አውቃለሁ፤ መንገዱ ነው።

ዝናቡ ገብቷል። ትናንት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስሄድ ስንጥቁ ውስጥ እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። ጫጩቶቹ ወፍረዋል። እናትሽ ቀን ቀን ጃንጥላ ዘርግታ ከሥሩ ትሰፋለች፤ ባለ ካፌው ራሱ ነው ያዋሳት። ሲያያት እንደሚያዝን ነገረኝ፤ ኩሱን ረስቶታል። ማታ ማታ ዛፉ ይጮኻል። ድምፁን ሌላ ሰው ነፋስ ነው ይለዋል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ከእንጨት ጋር ነው የኖርኩት።

እንግዲህ ወስኛለሁ። እሑድ ጠዋት መናፈሻው ሳይከፈት እወጣለሁ። ዘበኛው መጋዜን ከዕቃ ቤት አውጥቶ ጀርባውን ሊሰጠኝ ተስማምቷል፤ ጀርባው ደግሞ ሰፊ ነው። ዛፉን አልጥለውም። ጫጩቶቹን በቅርጫት አወርድና የሽመላዎቹን ጎን ከጫፍ ከጫፉ እያቃለልኩ እገባለሁ። ቅርጫቱን ቅዳሜ ማታ ከእናትሽ ቤት እሰርቃለሁ፤ የልብስ ማስቀመጫዋን። ኃላፊው ካባረረኝ ያባርረኝ። ጡረታዬም ደርሷል፣ ጉልበቴም ይደሰታል።

ይህ የሚደርስሽ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሐሳብ አይግባሽ። ከእናትሽ ጋር ከታረቅን በሚቀጥለው እሷው ትጨምርበታለች። ተሳድባም ቢሆን ትጨምርበት።

አጎትሽ

---

ሰኔ 3

ለልጄ፤

እናትሽ ነኝ። ፊደሌ ዞር ዞር ይላል፣ ታግሠሽ አንብቢው። ፈጣሪ አቅፎ ይያዝሽ። ቁጭ ብለሽ ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ቁጭ በዪ።

ዘመድ ሁሉ አትንገሪያት፣ በሰው አገር ብቻዋን ናት ብሎኛል። አንቺ ግን መደበቅ አትወጂም። አጎትሽ ሞቷል።

እሑድ ጠዋት የልብስ ቅርጫቴን ሳጣው ጠረጠርኩ። እሱ ሲሰርቅ ፊቱ ያስታውቃል። ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ዘበኛው ሊከለክለኝ አፈረ። ደርሼ ቀና ስል ላይ ነው። ወገቡን በገመድ ታስሯል። ሽመላዎቹ በራሱ ላይ ይዞራሉ። አየኝና «ራቅ በዪ፣ ከዚያ እንዳትጠጊ» አለኝ። የመጣሁት ልጣላው ነበር። ቅርጫቱ ሲወርድ ግን ጫጩቶቹ እግራቸው በጎን ወጥቶ ሊወድቁ ሆነ። ሮጬ ተቀበልኩት። ባዶውን ላክሁለት፣ እንደገና ሞልቶ ላከልኝ። ደንገጥ ብሎ «ራቂ» ይለኛል፣ አልርቅም። እንዲያ እያደረግን ሁሉንም አወረድናቸው። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ተኳርፈን የለ።

የመጨረሻውን ቅርጫት ይዤ ወደ መናፈሻው ፏፏቴ ስሄድ ከላይ «አሁንም ሟርተኛ ነኝ?» አለኝ። እየሳቀ ነበር። ልመልስለት ፈልጌ ነበር። ቅርጫቱን አስቀምጬ እመልስለታለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ከኋላዬ ዛፉ ተሰነጠቀ። ዞሬ ሳይ ያ ጎን በሙሉ የለም። የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበት ቦታ ላይ ነው የወደቀው፤ እሱም ከነገመዱ አብሮት ነው። ስደርስ አልተናገረም።

ደብዳቤሽ የደረሰው ሰኞ ነው። «ተነሺ» የሚለውን ራሴ አነበብኩት። አንቺ በጊዜው ጽፈሻል፣ ራስሽን እንዳትበዪ። እኔ ነኝ ሲነግረኝ ያልሰማሁት። መጋዙን የናፈቀ መስሎኝ ነበር እኮ። መኪናዬን ጠዋትና ማታ ሳያኮርፍ ሲሸከምልኝ እንኳ አልገባኝም።

ጫጩቶቹን የወፍ ሐኪም መጥቶ ወሰዳቸው። ትልልቆቹ ግን አሁንም ባዶው ቦታ ላይ ይዞራሉ። ማየት ስላልቻልኩ ወደዚያ አልሄድም፤ ቤት ነኝ።

ትናንት ኃላፊው ቤት መጣ። ከስቷል። እንባውን ያብሳል። «ወፎቹን ሊያድን ሲል ሕይወቱን የሰጠ ሠራተኛ» የሚል ጽሑፍ በመስታወት አስደርጌ ልሰቅልለት ነው፣ ልጅሽ ደግሞ ለማኅበሩ ትጻፍልን፣ ከዚያ ማኅተም ያለው ወረቀት ቢመጣ ያምርበታል አለኝ። ሰው ቤቴ መጥቶ አላስከፋም ብዬ እነግራታለሁ አልኩት። ይኸው ነገርኩሽ።

እንዲያ ብለሽ እንዳትጽፊ። አጎትሽ ለወፎቹ ብሎ አልወጣም። እኔ አልነሳም ስላልኩ ነው የወጣው። ይህን ትጽፊ እንደሆነ ጻፊ፤ ሌላውን ግን ተይው።

እናትሽ